ሁለተኛው ባላ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2017 በሎስ አንጀለሱ ኮሊሲየም፣ ካርሰን ዌንትዝ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ኳሷን ታቅፎ ወደ መጨረሻው መስመር ራሱን ወረወረ። ሁለት ተከላካዮች ከግራና ከቀኝ መጥተው መኻል ላይ አገኙት፤ የግራ ጉልበቱም ጅማት ተበጠሰ። ያስቆጠረው ነጥብ ጓደኛው በፈጸመው ጥፋት ምክንያት ተሰረዘ። ወጣቱ ግን ወዲያው ከሜዳ አልወጣም። በተበጠሰ ጅማት ቆሞ አራት ጊዜ ያህል ጨዋታውን መራ፤ በመጨረሻውም ኳሷን ለጓደኛው ወርውሮ አስቆጠረ፤ እያነከሰ ወደ ዳር የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የፊላደልፊያው የኢግልስ ቡድን ተስፋ ሁሉ ያረፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር፤ በአሥራ ሦስት ግጥሚያዎች 33 ጊዜ ኳስ ወርውሮ ለማስቆጠር አብቅቷልና።

ከተጠባባቂዎቹ መኻል አንድ ረጅም ሰው የራስ ቁሩን አጥልቆ ገባ። ስሙ ኒክ ፎልስ ይባላል። በዚያ ቀን ኢግልስ 43 ለ 35 አሸነፈ፤ በፊላደልፊያ ከተማ ግን የድል ደስታ አልነበረም። ዋናው ሰው ስለ ወደቀ ዓመቱ አበቃ ተባለ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ፎልስ የተነሣበት ወንበር ነው። ለመሆኑ አንድ ቡድን፣ ከወንበር የማይነሣ፣ ቢነሣም መነሣቱ የሌላውን ሰው መውደቅ የሚያመለክት ተጫዋች ለምን ደመወዝ እየከፈለ ያኖራል? ሌላ ቡድን ዋጋ ሰጥቶ ሲፈልገውስ ለምን አይለውጠውም? ጥያቄው በአሜሪካ በየዓመቱ፣ በጋዜጣውም በመጠጥ ቤቱም ይነሣል። ብዙ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚገኝ ጥበብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ አብዛኛው አንባቢ ከሚያውቀው እግር ኳስ ጋር ከስሙ በቀር የሚያመሳስለው ጥቂት ነው። ሞላላዋ ኳስ በእጅ ትያዛለች፤ በእጅ ትወረወራለች፤ የሚያጠቃው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት ካልገፋት ለባላጋራው ያስረክባል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ላይ ኳሷ ከሞላ ጎደል ዘወትር የምትገባው በአንድ ሰው እጅ ነው። ይኸውም ኳርተርባክ የሚባለው ነው። አሥሩ ጓደኞቹ ወዴት እንደሚሮጡ የሚነግራቸው፣ ባላጋራው ያጠመደውን ወጥመድ በዓይኑ የሚያነብ፣ ግዙፋን ሰዎች ሊጥሉት ሲንደረደሩበት በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር የሚቆርጥ እርሱ ነው። ሌላ ተጫዋች ቢጎዳ ቡድኑ ይጎዳል። ኳርተርባኩ ቢጎዳና የሚተካው ቢታጣ ግን ጨዋታው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ተጠባባቂው ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ይሠራል? በልምምድ ጊዜ ኳሷ ያለችው በዋናው እጅ ነው። ተጠባባቂው በአብዛኛው የሚሠለፈው የመጪውን ባላጋራ ኳርተርባክ መስሎ፣ የእርሱን አወራወርና አኳኋን ተውሶ፣ የገዛ ቡድኑን ተከላካዮች ለማለማመድ ነው። የራሱን ድርሻ የሚያጠናው በዓይኑ ብቻ ነው። በቲያትር ቤት የዋናውን ገጸ ባሕርይ ቃለ ተውኔት አጥንቶ፣ ምሽት ምሽት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ፣ የሌላውን ሰው ድምፅ እያዳመጠ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰውን ተጠባባቂ ተዋናይ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ቢታመም ትርኢቱን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይቻላል።

ስለ ገበያው ጥቂት ካልተባለ ክርክሩ አይገባም። በዚህ ሊግ ተጫዋች እንደ ሌላው ዓለም እግር ኳስ በገንዘብ አይሸጥም፤ በሌላ ተጫዋች ወይም በመምረጥ መብት ይለወጣል። በየዓመቱ በጸደይ ወራት ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶች በሰባት ዙር ይመረጣሉ፤ ደካማ ሆኖ የከረመው ቡድን ቅድሚያ ይሰጠዋል። ስለዚህ «የሁለተኛ ዙር መብት» ሲባል፣ ስሙም መልኩም ገና ያልታወቀ አንድ ወጣት ማለት ነው። በሌላ በኩል ቡድኖች ለተጫዋቾች የሚከፍሉት ደመወዝ ጣራ ተበጅቶለታል፤ በ2018 ጣራው 177.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለሚቀመጠው ሰው የሚከፈል እያንዳንዱ ዶላር ለሚሮጠው ከሚከፈለው ላይ የሚቀነስ ነው።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው አበው ለሰጡት ምክር፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚል መልስ እዚያው ቋንቋ ውስጥ አለ። የሚያስገርመው፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 በሚኒያፖሊስ ከተማ ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለሊጉ የመጨረሻ ግጥሚያ፣ የቀረቡት ሁለት ቡድኖች በእነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች የተከፈሉ መሆናቸው ነው። አንደኛው፣ የኒው ኢንግላንዱ ፓትሪየትስ፣ ተጠባባቂውን ከሦስት ወር በፊት ለውጦ በቶም ብሬዲ ላይ ብቻ ተማምኖ መጣ። ሌላው ኢግልስ ነው፤ በተጠባባቂው እየተመራ መጣ።

ብሬዲ ራሱ ከወንበር የተነሣ ሰው ነው። በ2000 በተደረገው ምርጫ በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ወጣት ነበር። በማርች 2001 ቡድኑ ድሩ ብሌድሶ ከተባለው ዋና ኳርተርባክ ጋር የአሥር ዓመት፣ የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 23 ብሌድሶ በጽኑ ተመትቶ ደረቱ ውስጥ ደም ፈሰሰው፤ ብሬዲ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣም። ብሌድሶ ከሕመሙ ሲያገግም ቦታው ተይዞ ጠበቀው፤ ባለ 103 ሚሊዮኑ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆኖም በጃንዋሪ 2002 ለሱፐር ቦውል ለማለፍ በፒትስበርግ በተደረገው ግጥሚያ ብሬዲ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ብሌድሶ ወራት ያስቆጠረ ቅሬታውን ውጦ ገባና ኳስ ወርውሮ አስቆጠረ፤ ቡድኑም 24 ለ 17 አሸንፎ አለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ብሌድሶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በኤፕሪል ወደ ቡፋሎ ተለወጠ፤ ዋጋውም የአንደኛ ዙር መብት ሆነ። የዚህ ሰው ታሪክ ሲነገር የሚወሳው የጠፋው ቦታው ነው እንጂ ያቺ አንዲት ቀን አይደለችም። የሚገባው ግን ተቃራኒው ነበር።

ፓትሪየትስ በ2014 ጂሚ ጋሮፖሎን በሁለተኛው ዙር ሲመርጡ ብሬዲ የሚያረጅ መስሏቸው ነበር። ብሬዲ ግን አላረጀም። ጋሮፖሎ ሦስት ዓመት ከተኩል ጠበቀ፤ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በኦክቶበር 2017 መጨረሻ፣ ለሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በሁለተኛ ዙር መብት ተለወጠ። በዚያው የጨዋታ ዘመን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሠለፈባቸውን አምስቱንም ግጥሚያዎች አሸነፈና የኒው ኢንግላንድ ሰዎች እጃቸውን ነከሱ። በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ብሬዲ በ41 ዓመቱ ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፍ፣ «አየህ፣ ትክክል ነበርን» አሉ። በ2020 ብሬዲ ራሱ ጥሏቸው ወደ ታምፓ ሄደ። ይኸው ክርክር ዛሬም ዕልባት አላገኘም፤ የሚያገኝም አይመስልም።

በዚያ በሚኒያፖሊስ ሜዳ የነበረው ነገር ግን ከአንድ ሰው ማቆየትና መለወጥ የረቀቀ ነው። ፎልስ ቀድሞ በ2012 ፊላደልፊያ በሦስተኛው ዙር የመረጠችው ተጫዋች ነበር። በ2013 27 ጊዜ ሲያስቆጥር ኳሱን ለባላጋራ ያስነጠቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ቡድኑ ለሴንት ሉዊስ ሰጠውና በለውጡ ሳም ብራድፎርድን አመጣ። በኦገስት 2016 መጨረሻ ላይ የሚኒሶታ ቡድን ኳርተርባክ ቴዲ ብሪጅዎተር ማንም ሳይነካው በልምምድ ላይ ጉልበቱ ወለቀ፤ የጨዋታው ዘመን ሊከፈት ቀናት ብቻ ቀርተዋል፤ ሚኒሶታ ደግሞ የምትተማመንበት ሁለተኛ ባላ አልነበራትም። እንደ ቸገረው ሰው ገበያ ወጣችና ለብራድፎርድ የአንደኛ ዙር መብት ከፈለች። ፊላደልፊያ በዚያ መብት ዴሪክ ባርኔት የተባለ ተከላካይ መረጠች።

በመጨረሻው ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ ብራንደን ግራም ከብሬዲ እጅ ኳሷን መትቶ ባወጣት ጊዜ፣ መሬት ላይ ያነሣት ባርኔት ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ያሸነፈው ማን ነው? የተመለሰው ፎልስ ነው ወይስ ፎልስ ተለውጦ፣ ለውጡም ተለውጦ የተገኘው ባርኔት? መለዋወጥን የሚያወግዝ ሰው ይህን ሰንሰለት ሊዘለው አይችልም። ማጠንጠኛው ደግሞ ዋጋውን የከፈለችው የሚኒሶታ ስታዲየም መሆኑ ነው፤ ግጥሚያው የተደረገው እዚያው ነውና።

ፎልስ በሴንት ሉዊስ አልተሳካለትም። በ2015 ቦታውን ኬስ ኪነም ለተባለው ተጠባባቂ ለቀቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ውሉ እንዲፈርስለት ጠየቀ፤ ጨዋታውንም ጨርሶ ሊተወው አስቦ እንደ ነበር በኋላ በግልጽ ተናግሯል። በካንሳስ ሲቲ አንድ ዓመት ተቀመጠ፤ በ2017 ወደ ፊላደልፊያ ሲመለስ የተመለሰው ለዌንትዝ ጥላ ሊሆን ነው። ለሱፐር ቦውል ለማለፍ በጃንዋሪ 2018 የተጋጠመው ከሚኒሶታ ጋር ሲሆን፣ በወዲያኛው ወገን ኳሷን የሚወረውረው ያው ኬስ ኪነም ነበር፤ ብራድፎርድ ታምሞ እርሱም እንደዚሁ ከወንበር ተነሥቶ ቡድኑን እዚያ አድርሷል። ፎልስ 38 ለ 7 አሸነፈው።

እንዲህ ያለ ሰው በሜዳ ላይ ድንገት አይበቅልም፤ የሚያውቀው አሠልጣኝ ያስፈልገዋል። የፊላደልፊያ ዋና አሠልጣኝ ዳግ ፒደርሰን በግሪን ቤይ የዝነኛው የብሬት ፋቭር ተጠባባቂ ሆኖ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነው። የማጥቃቱን ክፍል የሚመራው ፍራንክ ራይክ ደግሞ በቡፋሎ የጂም ኬሊ ተጠባባቂ ነበር፤ በጃንዋሪ 1993 ኬሊ ተጎድቶ ሳለ፣ ቡድኑ 35 ለ 3 ከተመራ በኋላ 41 ለ 38 እንዲያሸንፍ ያደረገው እርሱ ነው። ሁለቱም ወንበሩን ከነቅዝቃዜው ያውቁታል። ለፎልስ የዌንትዝን ልብስ አላለበሱትም፤ እርሱ የሚወዳቸውን አወራወሮች መርጠው፣ ዕቅዱን በልኩ ሰፉለት።

በሱፐር ቦውሉ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ መስመሩ አንድ ያርድ ላይ፣ ሙከራው አራተኛና የመጨረሻ ሆኖ ሳለ፣ ፎልስ ወደ አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ አንድ የተንኰል ጨዋታ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ፒደርሰን ጥቂት አሰበና ፈቀደ። ፎልስ ኳሷ የማትመለከተው መስሎ ወደ ጎን ሄደ፤ ኳሷ በሁለት ሰዎች እጅ አለፈች፤ ሦስተኛው ወረወራት፤ ተቀባዩም ራሱ ወርዋሪው ፎልስ ሆነ። በሱፐር ቦውል ወርውሮም ተቀብሎም ያስቆጠረ ኳርተርባክ ከዚያ በፊት አልነበረም። ግጥሚያው 41 ለ 33 አለቀ፤ ፎልስ በ373 ያርድና በሦስት የማስቆጠሪያ ውርወራ የግጥሚያው ኮከብ ተባለ። ፊላደልፊያ ከ1960 ወዲህ ያላየችውን ዋንጫ አየች።

እነሆ፣ ጥያቄው ያን ጊዜ ከበደ። በ2018 ጸደይ ፎልስ ዋጋው ጣራ ነክቶ ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው የክሊቭላንድ ቡድን በሁለተኛው ዙር 35ኛውን የመምረጥ መብት ሊሰጥበት ፈልጓል። የሒሳብ ሰው «አሁን ነው፤ ነገ ይረክሳል» ይላል፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ነገር ግን የዌንትዝ ጉልበት ገና በሐኪም እጅ ነበር። ቡድኑ ፎልስን አቆየ፤ ውሉንም አሻሻለለት፤ ከዓመቱ በኋላ መሄድ ቢፈልግ በር የሚከፍትለት አንቀጽ ገባበት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሚደነቀው ይኸው አንቀጽ ነው። ባላ የሚተከል እንጨት ነው፤ አያረጅም፤ የእኔ ተራ መቼ ነው ብሎ አይጠይቅም። ተጠባባቂው ግን ሰው ነው፤ በዚህ ጨዋታ የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ እርሱን ማቆየት ማለት ከዚያች አጭር ዕድሜ ላይ ዓመት መቁረጥ ማለት ነው። ማቆየት የሚገባው ይህን ዕዳ አምኖ ለሚከፍል ቡድን ብቻ ነው።

ዕዳው ለወደቀውም ሰው አለበት። በሴፕቴምበር 2018 ከስታዲየሙ ደጅ የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ ፎልስና ፒደርሰን ስለዚያ የተንኰል ጨዋታ ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነው። ዌንትዝ ጉልበቱ ድኖ በዚያው ወር ሲመለስ፣ የተጠባባቂው ሐውልት ከቆመበት ግቢ ገብቶ ነው የሚጫወተው። ወጣቱ በአደባባይ አንድም የክፉ ቃል አልተናገረም። ይሁን እንጂ ከሐውልት ጋር መወዳደር ከሰው ጋር ከመወዳደር ይከፋል፤ ሐውልት ኳስ አይስትም። ተጠባባቂውን አቆዩ የሚሉ ሰዎች ይህን ዋጋ ከሒሳባቸው ውስጥ አያስገቡትም። በዋናው ሰው ጆሮ ሕዝቡ የማንን ስም እንደሚጠራ መስማት በጣራ ከተወሰነው ደመወዝ ውስጥ የማይታይ ወጪ ነው።

ደግሞም በዚያው ዓመት በዲሴምበር የዌንትዝ የጀርባ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ። ፎልስ ገባ፤ መጀመሪያ የተጋጠመውም በሎስ አንጀለስ፣ በዚያው በኮሊሲየም ነበር፤ 30 ለ 23 አሸነፈ። ቀጥሎ በሂዩስተን ላይ 471 ያርድ ወረወረ፤ በቡድኑ ታሪክ ከዚያ በፊት አንድም ሰው በአንድ ግጥሚያ ይህን ያህል አልወረወረም። በጃንዋሪ 2019 በቺካጎ 16 ለ 15 ሲያሸንፉ፣ የባላጋራው የመጨረሻ ምት ቋሚውን መትቶ፣ አግዳሚውንም ነክቶ ወደቀ። በሳምንቱ በኒው ኦርሊንስ 20 ለ 14 ተሸነፉ፤ የፎልስ የመጨረሻ ውርወራ በጓደኛው እጅ መኻል ሾልካ ለባላጋራ ደረሰች።

ከዚያ በኋላ ነው መለየቱ የመጣው። ቡድኑ ፎልስን በልዩ የውል መብት አስሮ ለሚፈልገው ሊለውጠው ይችል ነበር፤ ፎልስ ራሱም ነፃነቱን ለመግዛት ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ወስኖ ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የቡድኑ ኃላፊ ሃዊ ሮዝማን፣ ፎልስ ሳይታሰር በነፃ እንደሚሄድ በይፋ አስታወቀ። ለዚህም ሊጉ በደንቡ መሠረት በ2020 በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ የካሳ መብት ሰጠው። ከአንድ ዓመት በፊት ከቀረበው ከ35ኛው መብት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ሦስት የዲሴምበር ድሎችና የቺካጎው ሌሊት አሉበት። ልዩነቱ ኪሳራ ነው የሚል ካለ፣ የሚቈጥረው ነገር ትክክል መሆኑን ይመርምር።

ፎልስ ወደ ጃክሰንቪል ሄደ፤ ውሉ የአራት ዓመት፣ የ88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሴፕቴምበር 8 ቀን 2019፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ ኳስ ወርውሮ ሲያስቆጥር ሰው ወደቀበትና የግራ ማጅራት አጥንቱ ተሰበረ። ተተክቶ የገባው ጋርድነር ሚንሹ በስድስተኛው ዙር የተመረጠ ጀማሪ ነበር፤ የከተማይቱንም ልብ ማረከ። ፎልስ ሲድን መልሰው አሠለፉት፤ ወዲያው አስቀመጡት፤ በማርች 2020 በአራተኛ ዙር መብት ለቺካጎ ሰጡት። ጃክሰንቪል የከፈለው ለተጠባባቂው ዝና ነው፤ የጠበቀው ግን ዋና ኳርተርባክ ነው። መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን፣ ይህም ሙያ ያለው ሁሉ በየሳምንቱ የመምራት ሙያ እንደማይኖረው ገዢው አልመረመረም። በድንገተኛ ጥሪ የሚነድ እሳት ሲያዩ ለዓመት የሚበቃ ፍም የመሰላቸው ብዙ ናቸው።

አለመያዝስ? በጃንዋሪ 29 ቀን 2023 በዚያው በፊላደልፊያ ስታዲየም የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ያሳየው ትዕይንት ለዚህ ይበቃል። በ2022 ሳን ፍራንሲስኮ ያንኑ ጋሮፖሎን ለመለወጥ ሞክሮ ገዢ ስላጣ በተሻሻለ ውል በተጠባባቂነት አቆየው። በሴፕቴምበር ዋናው ትሬይ ላንስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ጋሮፖሎ ገባ። በዲሴምበር የጋሮፖሎ እግር ተሰበረ፤ በምርጫው 262ኛና የመጨረሻ የነበረው ብሮክ ፐርዲ ገባና በተከታታይ አሸነፈ። በፊላደልፊያው ግጥሚያ መጀመሪያ ላይ የፐርዲ ክርን ተጎዳ፤ አራተኛው ጆሽ ጆንሰን ገባ፤ እርሱም ራሱን ተመትቶ ወጣ። ፐርዲ ኳስ መወርወር በማይችል ክንድ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ታላላቅ ተጫዋቾች የሞሉበት ቡድን ለቀረው ጊዜ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ከማቀበል በቀር ሌላ ማድረግ አልቻለም። 31 ለ 7 ተሸነፈ። ሊጉ በዚያው ዓመት ቡድኖች ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ሦስተኛ ኳርተርባክ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ሳይለወጥ የቀረው ጋሮፖሎ ወራት ያህል ቡድኑን አኑሮታል፤ ይህም በታቀደ ብልሃት ሳይሆን ገበያው ስላልተገኘ የመጣ ጥቅም ነው።

ፊላደልፊያም ፎልስን ከሸኘች በኋላ ብዙ አልቆየችም። በጁን 2019 ለዌንትዝ የ128 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ውል ሰጠች። በጃንዋሪ 2020 በጥሎ ማለፉ ግጥሚያ ዌንትዝ በመጀመሪያው ሩብ ራሱን ተመትቶ ወጣ፤ የገባው የ40 ዓመቱ ጆሽ ማካውን የጭኑ ጅማት ተበጥሶበት እየተጎተተ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ 17 ለ 9 ተሸነፉ። ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ በሁለተኛው ዙር ጄለን ሀርትስን ሲመርጥ ከተማው ሁሉ ተቈጣ፤ ባለ ውድ ዋጋ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ለተጠባባቂ ይህን ያህል ማውጣት ዕብደት ነው ተባለ። ዌንትዝም ደስ አላለውም። በዲሴምበር ሀርትስ ቦታውን ወሰደ፤ ዌንትዝ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተለወጠ፤ በዚያ የተቀበለው አሠልጣኝ የድሮው ፍራንክ ራይክ ነበር። ወጣቱ የሁለት ተጠባባቂዎች ጥላ አርፎበት ከፊላደልፊያ ወጣ፤ ያቺ በተበጠሰ ጅማት የወረወራት ኳስ ግን በድሉ መዝገብ ውስጥ የመጀመሪያዋ መስመር ሆና መቈጠር ይገባታል።

በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ሀርትስ ቡድኑን ለሌላ ሱፐር ቦውል ድል አበቃ፤ 40 ለ 22። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አሠልጣኙ ሀርትስን አስወጥተው ተጠባባቂውን ኬኒ ፒኬትን አስገቡ፤ ፒኬት በዲሴምበር ሀርትስ ራሱን ተመትቶ ሳለ የጎድን አጥንቱ እያመመው ዳላስን በ41 ለ 7 ድል የተሳተፈ ሰው ነው። በማርች ፊላደልፊያ ለክሊቭላንድ ለወጠችው፤ ያገኘችውም አንድ ሌላ ተጠባባቂና የአምስተኛ ዙር መብት ነው። ፒኬት በክሊቭላንድ አንድም ይፋዊ ግጥሚያ ሳይጫወት በኦገስት እንደገና ለላስ ቬጋስ በአምስተኛ ዙር መብት ተለወጠ። የላስ ቬጋሱ ተጠባባቂ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበርና።